የመጋዘኑ ቁልፍ

ከኮርቻ በላይ ነው መንደራችን ያለው፣
(ኮርቻ ከተማ ነው፤ ፈረስ የማይጭነው።)
ዳገቱ ሲያበቃ፣ ከጥዶቹ ጀርባ
አንድ ግንብ ይታያል፤
ጣሪያው እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ውስጥ የገባ።
ሃያ ሦስት ዓመት ቁልፉ ኪሴ ነበር፤
«ላምቢ ባለቁልፉ» ይለኝ ነበር መንደር።

አዋጁ ሲነገር፣ «አምላክ የለም» ሲባል፣
ቄሱ በሌሊት ተወሰደ፤ ደወሉ ለማቅለጫ በጋሪ ተጭኗል።
መቅደሱ ለትምባሆ፣ ቅኔ ማሕሌቱ ለትራክተር ጎማ፤
ቅዱሳኑን ማን ያጥፋ ሲባል ግን
(ይህችን ልጄ አትስማ)
ኖራ በጥብጬ መሰላል ላይ ወጣሁ።
ደመወዝ ነበረው። ልጅ ነበረኝ። ፈራሁ።
ከእግራቸው ጀመርኩኝ፤ ዐይን ለዐይን ከመጋጨት
ጫማቸውን መቀባት ይቀላል በማለት።
ግን ሥራው ሽቅብ ነው፤ ደረት አለ፣ ጺም አለ፣
በመጨረሻ ዐይን አለ።
ኖራው ሲደርቅ ሳሳ፤ ያዩኛል አሻግረው።
ሁለተኛ ደረብኩ። ሦስተኛም ደረብኩ። ዝም ያሉኝ ያኔ ነው።

ከዚያማ መቁጠር ነው።
ሦስት መቶ ዐሥር ቦንዳ፣ ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ፣
እርጥቡን ለብቻ፣ ደረቁን ለመንገድ።
ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ አፌ ቁጥር ለምዶ
ሚስቴን ስንቀብራት የአካፋውን አፈር ቆጠረ፣ ጸሎቱን ክዶ።

መንግሥቱ ሲናድ ትምባሆውም ቀረ፤
ወጣቱ በእግሩ ወደ ግሪክ ተሻገረ።
በኅዳር አንድ እሑድ፣ ውርጩ ሳይነሣ፣
ፖሊክሴኒ በሬን ደበደበች፤ ዘጠኝ ባልቴት አስከትላለች።
«ቁልፉን» አለች።
«ትምባሆ የለም» አልኳት።
«ትምባሆ ማን አለህ» አለች።

ቄስ የለም። መጽሐፍ የለም።
ሻማውም መብራት ሲጠፋ የሚለኮስ ተራ ሻማ።
አንዷ መጀመሪያውን ታውቃለች፣ አንዷ መጨረሻውን፤
መሃሉ ጠፍቷል። እንደ ወደቀ መርፌ ዳበሱት ጨለማውን።
እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ልዘጋ፤
ቁልፉ መዳፌ ውስጥ እየሞቀ ከእኔ ጋ።
የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጧፍ ይዤ የሰማሁት
ከጉሮሮዬ ወጣ፤ መሃሉን እኔ ነኝ የሞላሁት።
ዞረው አዩኝ ዐሥሩም። ማንም «ጎሽ» አላለኝ።
ፖሊክሴኒ ብቻ፣ «ቀጥል፣ ብርድ ነው» አለችኝ።

የበረዶውን ወራት ሁሉ ኖራ ስፍቅ ከረምኩ፣
በማንኪያ ጀርባ፣ ሆምጣጤ በነከርኩት ጨርቅ።
አንዳንዱ ዳነ። ኒቆላዎስ ግን፣ አብዝቼ የደረብኩበት፣
ፊቱ ከኖራው ጋር ተላጠ፤ አፈር ብቻ ቀረበት።
ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።
«ተወው» አለች ፖሊክሴኒ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣
«ዐይን የለው፣ አያውቅህም። ይልቅ ጣሪያውን ጠግን፣ ዝናቡ ሳይከፋ።»

ደወል ስለሌለን የትራክተሩን ቸርኬ ጥዱ ላይ ሰቀልን፤
በመዶሻ ስመታው ፍየል በረገገ፤ እኛም ደነገጥን፤ ሳቅን።

ለፋሲካ ከቲራና የመጣው ልጅ እግር ቄስ
«አናጉንስጢስ ሁን» አለኝ።
«ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እጄም ኖራ የነካ ነው» ብለው፣
ገልብጦ አሸተተና፣
«እኔን የሸተተኝ ሆምጣጤ ነው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረው።

ልማድ አይለቅም። ግንቡም ሲዘንብ ትምባሆ ትምባሆ ይላል።
እኔም ከማንበቤ በፊት ቀና ብዬ እቆጥራለሁ፦
ከግሪክ የተመለሱ፣ ሁለት ሕፃን፣ በሩ ላይ አንድ ሰካራም፤
ሠላሳ ስድስት አገኛለሁ።
ፖሊክሴኒ ከኋላ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ቆጥራ
«ሠላሳ ሰባት» ትለኛለች።
እደግመዋለሁ፤ ሠላሳ ስድስት።
«ሠላሳ ሰባት» ትላለች፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ።